የአባቴ ጓደኛ ምስክርነት

ሥራዬ ሰው ሥራ ላይ ሲጎዳ ካሳ መጠየቅ ነው። የጀመርኩት ግን ጠበቃ ሳልሆን በፊት ነው። አባቴ እዚህ እስራኤል ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ ወገቡ ሲጎዳ በየቢሮው የማስተረጉምለት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ "እንዴት ነህ?" ሲለው "ይሻለኛል" ይላል፤ ሰው ፊት ማቃሰት ነውር ነዋ። እኔም ያለውን ተረጎምኩ። "ተሽሎታል" ብለው ጻፉና ፋይሉን ዘጉት።

ከጥቂት ዓመት በፊት አንዲት ሴት ቢሮዬ መጣች። የኔታንያ ከተማ የፋብሪካዎች ሰፈር በሆነው ፖሌግ፣ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የቀኝ እጇን ሦስት ጣቶች ቆርጦባታል። የማሽኑ መከለያ ተነስቶ ነበር፤ ፋብሪካው "ራሷ ናት ያነሳችው" አለ። በቦታው የነበሩት እዚያው የሚሠሩት የአባቴ ጓደኛ ብቻ ናቸው። ወደ እስራኤል ሲመጡ ከአባቴ ጋር በእግር ሱዳን የገቡ፣ አባቴ ሲሞት ለቅሶው ላይ ሰባቱንም ቀን ያልተለዩኝ ሰው። አባ ነው የምላቸው።

ቤታቸው ሄድኩ። "የጥገና ሰዎች ናቸው ያነሱት፤ ሥራ ያዘገያል ብለው። ከአደጋው ሳምንት በፊት በዓይኔ አይቻለሁ" አሉኝ። ቃላቸውን በዕብራይስጥ ጻፍኩ፤ ባለቤታቸው እየሰሙ ሁለት ጊዜ በአማርኛ አነበብኩላቸው። ፈረሙ።

ፍርድ ቤት ቆመው በአስተርጓሚ ሲጠየቁ ወለሉን እያዩ "ምንም አላየሁም" አሉ።

"ይህን ቃል ግን ፈርመዋል" አሉ ዳኛዋ።

"ዕብራይስጥ አላነብም። የጓደኛዬ ልጅ ናት፤ ፈርሙ አለችኝ፣ ፈረምኩ።"

አስተርጓሚው ሳይጨርስ እኔ ሰምቼዋለሁ። የራሴን ምስክር እንደ ተቃራኒ ወገን እንድጠይቅ ዳኛዋን አስፈቀድኩና ተነሳሁ።

"አባ፣ በአማርኛ ሁለት ጊዜ አላነበብኩልዎትም?"

"አላስታውስም፣ ልጄ።"

"ልጄ" ማለታቸው ነው ያንገበገበኝ። ባለቤታቸውን ጠርቼ ማስመስከር እችል ነበር። ባልና ሚስት በአደባባይ ማጋጨቱ ከበደኝና ተቀመጥኩ። ደንበኛዬ ሦስት ጣት የጎደለውን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

ያዳነን የፋብሪካው የጥገና መዝገብ ነው። በዳኛዋ ትእዛዝ ሲቀርብ መከለያው መቼ እንደተነሳ፣ ማን እንዳነሳው ተጽፎበት ተገኘ። ሴትዮዋ ተፈረደላት። የእኔ ስም ግን አልጠራም። በየሰርጉ፣ በየለቅሶው "ሽማግሌ አታላ ያስፈረመች" ተባልኩ፤ እሳቸውም ወሬውን አላስተባበሉም።

ከወራት በኋላ የኔታንያ ገበያ ውስጥ ድንች ሲመርጡ አገኘኋቸው። ሰላም አልኳቸው። ቀና ሳይሉ፣

"ልጄም እዚያው ነው የሚሠራ። ከመሰከርክ እናባርረዋለን አሉኝ" አሉ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ትተይኝ ነበር?"

መዋሸት አልቻልኩም። "አልተውዎትም ነበር" አልኩ። ምስክር ሌላ አልነበረኝም።

"አየሽ" አሉና ድንቹን ለሻጩ አቀበሉ።

እውነታቸውን ይሆናል። ግን ዝም ማለት ይችሉ ነበር፤ እኔን ሐሰተኛ ማድረግ ምን አመጣው? ይህን ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት፣ ሻጩ መዝኖ ጨርሶ ነበርና ከረጢታቸውን አንስተው በሰዉ መሃል ሄዱ።