ያልተፈተገው ማሽላ

የባሌ ታላቅ እህት በሠርጌ ማግስት ሌማቴን ከፍተው አዩና መልሰው ከደኑት። «ቀይ ማሽላ ነው ይዛልን የመጣችው» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን አጠገባቸው ለተቀመጡት ሴቶች።

እኔ የግራና አካባቢ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ወፍ የማይደፍረው ቀይ ማሽላ የቤት እህል ነው። አግብቼ መርሳ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ግን ማሽላውን ውሃ እየነካሁ በሙቀጫ ፈትጌ፣ ቀዩን ልባስ ለዶሮ በትኜ፣ ነጩን ብቻ ነበር የማስፈጨው። ኋላ እሱንም ተውኩት። ነጭ ጤፍ፣ ነጭ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ሆነ ነገሬ ሁሉ። እንግዳ ሊመጣ ይችላል እያልኩ ጎመን እንኳ አልሠራም ነበር። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ለአንዲት ሴት ዓይን ነው።

በዓመታት ውስጥ ሰውነቴ ወፈረ። ሰው ተመችቷታል ይል ነበር፣ እኔም አልጠላሁትም። ከዚያ መዘንጋት መጣ። ድስት እሳት ላይ ጥጄ ጎረቤት እሄዳለሁ፤ ቁልፉን በእጄ ይዤ እፈልጋለሁ። በመጨረሻ ማኅበሩን ዘነጋሁት። የማርያም ማኅበራችን ጽዋ ወር ሙሉ መደርደሪያዬ ላይ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲገቡ ግን ጠላ የለ፣ ዳቦ የለ፤ እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር።

የባሌ እህት ቁጭ እንኳ አላሉም። ደክማለች፣ ከእንግዲህ የእሷን ተራ እኔ ላውጣላት አሉ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ አንድ ዓመት ትታይ፣ በሚመጣው ተራዋ ካጎደለች ያን ጊዜ ከማኅበሩ ትወጣለች ብለው ነገሩን አበረዱት። ሠላሳ ዓመት የጠጣሁበት ጽዋ ነው። ከእሱ ወጥቼ በዚያ ሰፈር ቀና ብዬ አልሄድም።

ወልድያ ሄጄ ተመረመርኩ። ሐኪሟ ስኳሬንና ግፊቴን ለክታ፣ ውፍረቱ የደም ሥሬን እየጎዳ መሆኑን፣ አንጎልም በደም ሥር እንደሚመገብ ነገረችኝ። መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ በእግርዎ ይሂዱ፣ ነጩን ነገር ይቀንሱ አለችኝ።

ቀይ ማሽላ ገዛሁ። እጄ ግን በልማዱ ወደ ሙቀጫው ሄደ። ግቢዬ ውስጥ የተከራየችው፣ ሲሪንቃ የእህል ምርምር ማዕከል የምትሠራ ሴት፣ ቆማ አየችኝ።

«እማማ፣ የሚጠቅምዎትን እኮ ለዶሮ እየሰጡት ነው።»

ተክሉ ራሱን ከወፍና ከነቀዝ የሚጠብቅበትን ነገር ልባሱ ላይ እንደሚያኖረው አስረዳችኝ። ተመሳሳዩ በጎመን ቅጠልም፣ በቀይ ሽንኩርትም፣ በእርድም አለ። ውፍረት በሰውነት ውስጥ የሚያነደው ቁጣ፣ ሐኪሞች ብግነት የሚሉት፣ እስከ አንጎል ይደርሳል፤ ይህ የቅጠልና የልባስ ነገር ያበርደዋል ይላሉ አጥኚዎቹ። ጥናቱ ገና አላለቀም፣ መድኃኒትዎንም እንዳያቋርጡ ብላ አስጠነቀቀችኝ።

«እንግዲያ በዚህ ግቢ አእምሯቸው የተጠበቀላቸው ዶሮዎቹ ናቸዋ» አልኳት።

ዓመቱን ሙሉ ሳልፈትግ በላሁ። ጎመኑን ጓሮዬ ተከልኩ፣ ገበያ በእግሬ ሄድኩ። ቀሚሴ ሰፋኝ። ማሽላው ይሁን መድኃኒቱ፣ መራመዱ ይሁን ቂሙ፣ አልምልም። ድስት ማሳረሬን ግን ተውኩ።

ተራዬ ደረሰ። ጠላው ከሳምንት በፊት ተጠንስሶ፣ ዳቦው ተደፍቶ፣ ቀዩ እንጀራ ከነጎመኑ ቀረበ። የባሌ እህት እንጀራውን ገልበጥ አድርገው አዩት። «አልተፈተገም እንዴ?» አሉ።

«አልተፈተገም።»

ሁለት እንጀራ ጨረሱ።

ጸሎቱ ካበቃ በኋላ ሙሴው፣ ቀጣዩ ተረኛ ማን ነው ሲሉ ጠየቁ። የባሌ እህትም ከሌላው ጋር ዞር ዞር እያሉ ተረኛውን ይፈልጋሉ። ጽዋውን በሁለት እጄ አንሥቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«የአንቱ ነው፣ እትዬ። በወሩ በሃያ አንድ።»

ተቀበሉኝ። ቀኑን ደግሜ ነገርኳቸው፤ ማኅበርተኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ።