ሰማንያ ቀን ያልጠበቀው ትክትክ

መጀመሪያ ማስነጠስ ነበር። ቀጥሎ ንፍጥ፣ ቀጥሎ ሳል። ልጄ ማስተዋል ገና ሁለት ወር አልሞላትም። ባለቤቴ ትርንጎ ሞጣ እናቷ ቤት አራስ ናት፤ እኔ ቢቸና ልብስ እሰፋለሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል መንታ በመውለዴ፣ በደስታ ብዛት ለአንድ ደንበኛዬ ባለ ሦስት እግር ሱሪ ሰፋሁ ብል የሚያምነኝ አላጣም።

መንታዎቹ ወንድና ሴት ናቸው። ሲወለዱ ሁለቱም ክንዳቸው ላይ ቢሲጂ የሚባለውን ክትባት ተወግተዋል። ወንዱ ሀብታሙ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሣና ወዲያው ለስድስተኛው ሳምንት ክትባት ጤና ጣቢያ ሄደ። ማስተዋል ግን ሴት ናት፤ ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው። «ሳትጠመቅ ከደጅ አትወጣም፤ ደሞስ አንዴ ተወግታ የለ!» አሉ አማቴ እማማ ውባለም። ቤቱም ተስማማ።

ታማለች ተብሎ ሲደወልልኝ መቀሱን ጥዬ ተነሣሁ። የሞጣ መንገድ ያን ቀን ሱዳን ደርሶ የተመለሰ መሰለኝ።

ሆስፒታል ስደርስ ቀልዴ አለቀ። ሳሉ ይይዛታል። አይለቃትም። ከንፈሯ ይጠቁራል። ከዚያ ዝም ትላለች። ትንፋሽ የለም። ነርሷ ጀርባዋን ታሻለች። ትመለሳለች። እንደገና ይይዛታል።

«ፐርቱሲስ ነው፤ ትክትክ የምትሉት። ኒሞኒያም፣ የሳንባ ምች፣ አስከትሎባታል» አለችን ዶክተሯ። ኦክስጅን በአፍንጫዋ፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ፣ ወተት በቱቦ። ሀብታሙም ያስለው ነበር፤ ግን ይጠባል፣ ይተኛል። «በስድስተኛው ሳምንት የወሰደው የትክትክም መከላከያ አለበት። አንድ ዶዝ ሙሉ ጋሻ አይደለም፤ ሳያቀልለት ግን አልቀረም። ቢሲጂ የቲቢ ነው፤ ለትክትክ አይሆናትም» አለች።

እማማ ውባለም ሳትጠመቅ እንዳታልፍ ፈርተው የነፍስ አባታችንን አስጠሩ።

«ለሞት ካሰጋ ሰማንያ አይጠበቅም» አሉ መምሬ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ለክትባት አትውጣ ያለ ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ሁላችንም ወደ እማማ ውባለም ዞርን።

«እዚሁ በር ላይ ነኝ። ከጠናባት ጥሩኝ» አሉ መምሬ።

ቀኑን ሙሉ ተቀመጡ። አልጠራናቸውም።

በማግሥቱ በሳልና በሳል መካከል ያለው ፋታ ረዘም አለ፤ ከዚያ ቱቦው ወጣ፤ ከዚያም አንድ ረፋድ ላይ፣ ትርንጎ ሰው መኖሩን ረስታ እልል እስክትል ድረስ፣ ማስተዋል ጡት ይዛ ሳታቋርጥ ጠባች።

ልንወጣ ስንል ዶክተሯ ያመለጣትን ክትባት አዘዘች፦ ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለው ፔንታቫለንት በአንድ ጭኗ፣ የሳንባ ምች መከላከያው ፒሲቪ በሌላው፣ የፖሊዮና ተቅማጥ የሚያመጣው የሮታ ቫይረስ መከላከያ ጠብታ በአፏ።

«ምነው ልጄ! አራቱን ባንድ ቀን?» አሉ እማማ ውባለም። «ሆዷ ውስጥ ይዋጉባታል! በየሳምንቱ አንድ አንድ ይሁንላት።»

እውነት ለመናገር እኔም በሆዴ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ።

«እማማ፣ አብረው እንዲሰጡ ተፈትሸው ነው» አለች ዶክተሯ። «አንዱ ክትባት ያልተሠራለትን ሌላ በሽታም ለመቋቋም ያግዝ እንደሆነ፣ ቅደም ተከተላቸውም ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ተመራማሪዎች ገና እያጠኑ ነው። አንድ አንድ ብንል ግን ሳትከተብ የምትቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ሳይከተቡ መቆየት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ አይተውታል።»

እማማ ልጅቷን ከእጄ ተቀበሉና ጭኗን ራሳቸው ገለጡ። የጮኸችው ጩኸት ደብረ ወርቅ ድረስ ተሰምቶ የቅኔ ተማሪ አስደንግጧል። ማታ ትንሽ አተኮሳት፤ ጠዋት ለቀቃት። ሳሉ ግን ጨርሶ እስኪተዋት ወራት ፈጅቷል፤ እንዲህ ሲቆይባችሁ አትደንግጡ። ትንፋሽ ከቆረጠ ወይም ከንፈር ከጠቆረ ግን ወደ ሐኪም ሩጡ።

ጀርባዋን ላሸችው ነርስ፣ ለዶክተሯ፣ በር ላይ ለዋሉት መምሬ እግዜር ይስጥልኝ። ሴት ልጅ ለወለዳችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፦ በጋቢ ሸፍናችሁ፣ ቢያሻችሁ እንደ ታቦት በጃንጥላ አጅባችሁ፣ ለክትባቷ በቀኑ ውሰዷት። ሰማንያው ቀን የትም አይሄድም፤ ልጅቷ እንድትደርስበት አድርጉ።