አንዷ ጥቁር ፎቶ

ሽማግሌው ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ ኮምፒውተር ጥገና ቤቱ መጣ። የሹራቡን ቁልፎች አዛንፎ ቆልፏቸዋል፤ በሚኖርበት ቤት ልብ የሚልለት ሰው ያለ አይመስልም። በጣቶቹ የካሜራ ሌንስ ክዳን ያሽከረክራል።

"የኔ ልጅ፣ የኮከብ ፎቶዎቼን ላጠራ ስል ፕሮግራሙ ድርግም ብሎ ይጠፋል።"

ጠጋኟ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ቆየች። የሰማዩን ፎቶ ከካሜራው ጉድፍ ለማጥራት፣ ሌንሱን ከድኖ ያነሳቸው ጥቁር ፎቶዎች አሉ። ከእነሱ አንዷ ግን በድሮ ካሜራ የተነሳች ናት። መጠኗ ከሌሎቹ ስለማይገጥም ፕሮግራሙ እሷ ጋ ሲደርስ ይወድቃል።

"አባባ፣ ጣጣው ይቺ ናት። ላውጣት?"

"ተያት!" አለ ክዳኑን ጨብጦ። "ባለቤቴ ናት ያነሳቻት። የሌንሱን ክዳን ሳትከፍት ካሜራውን ብትጫነው፣ 'ዓይንሽን ምን ጋረደው?' ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ወዲያ ኮከብ ለማንሳት ጣሪያ ላይ አብራኝ ወጥታ አታውቅም። ጥቁር ፎቶ ለዚህ ሥራ እንደሚያስፈልግ የተማርኩት ከቀበርኳት በኋላ ነው።"

ሰውየው አንጀቷን በላት። "እንግዲያው ለብቻዋ ላስቀምጥልዎት፤ ሌሎቹ ይሠራሉ።"

"ለብቻዋማ ስንት ዘመን ተውኳት" አለና፣ ላፕቶፑን እንደተበላሸ ይዞ ወጣ።