የሆልምሊያው ሰይፍ ሻጭ

ጥንታዊ የጃፓን ሰይፍ እሰበስባለሁ ስል ከእጮኛዬ በቀር ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድድብኛል። ስለዚህ አንድ የማላውቃቸው ኤርትራዊ ሽማግሌ ደውለው «የጃፓን ሰይፍ ትገዛለህ አሉኝ፤ ናና እየው» ሲሉኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቅዳሜ ጠዋት ባቡር ይዤ ከከተማው ዳር ያለው ሰፈራቸው ሆልምሊያ ወረድኩ።

ሽማግሌው አስገቡኝና በሩን ከኋላዬ ቆለፉት። አልወደድኩትም።

«ጋሼ፣ እጀታው ሲወልቅ የሠሪው ስም ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይታያል?» አልኳቸው።

«እሱ ይደርሳል። አንተ ስንት ሰይፍ አለህ?»

«ሦስት።»

«የት ነው የምታስቀምጣቸው?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ።»

«ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

ሌባ ናቸው ብዬ ጠረጠርኩ። ሻይ ቀዱልኝ፤ አልነካሁትም።

«መጠጥ ትጠጣለህ? ስትናደድስ ምን ታደርጋለህ?»

አሁን ደግሞ ፖሊስ መሰሉኝ። ጃኬቴን አንሥቼ ቆምኩ። «ወይ ሰይፉን ያሳዩኝ፣ ወይ በሩን ይክፈቱልኝ!»

«እኔ ምን ሰይፍ አለኝ?» አሉ ቀና ብለው እያዩኝ። «ሴት ልጄ ቤቱ ሰይፍ የሚያከማች ሰው ላገባ ነው ስትለኝ እንቅልፍ አጥቼ ነው እንጂ። የሄለን አባት ነኝ።»