በወይንሸት ሽቦ ላይ ያደረግኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስካሬን ነግሬያለሁ፣ በሐሰት መማሌን ነግሬያለሁ፣ በጾም ሥጋ መብላቴንም ነግሬያለሁ። ይህን ግን ሁልጊዜ እዘለዋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ነገ ገበያ ላይ ፊቴን አታዩትም። ፈሪ ነኝ፣ ከዚህ እንጀምር።

ነገሌ ከጦር ካምፑ አጥር ማዶ፣ ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ጡረተኛ ወታደር ግቢ ውስጥ ተከራይቼ እኖር ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ሙያውን ካምፑ ውስጥ ነው የለመድኩት። የግቢውን መስመርም የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ክፍሉ ብዙ፣ ቆጣሪው አንድ ነበር። ያኔ ከተማው መብራት የሚያገኘው ከጄኔሬተር ነው፤ አመሻሽ ላይ ይመጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። በዚያችው ሰዓት የግቢያችን ፊውዝ እየተቃጠለ አስቸገረን። ልጆች ደብተራቸውን እንደያዙ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጋሽ ተሰማ ተከራዩን ሰብስበው፣ ደብቆ ስቶቭ የሚሰካ ከተገኘ በማግስቱ ግቢዬን ይለቃል አሉ። የሁሉንም መስመር እንድለካ አዘዙኝ።

ወይንሸት ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ነበረች። ባሏ ወታደር ነው፤ ወደ ሰሜን ግንባር ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ሕፃን ልጇን አዝላ የሰው ልብስ በእጇ እየሰፋች ትኖራለች። ከቦሬ ነው የመጡት፣ ነገሌ ላይ ዘመድ የላቸውም። ሌላ ቦታ ርካሽ ክፍል አለ ሲሏት፣ «ባሌ ቢመጣ የሚያውቀው ይህን በር ብቻ ነው» ትላለች። ይህን ስትል ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። አላወቅኩም ነበር ብዬ እንዳልዋሻችሁ ነው የምነግራችሁ።

አንድ ምሽት ያቺን በር አንኳኳሁ። ምን ፈልጌ እንደሆነ ይገባችኋል። ፊቴን አየችና ቀስ ብላ ዘጋችብኝ። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም፣ ለጎረቤት አላወራችብኝም። በማግስቱ «ደህና አደርክ ወንድሜ?» አለችኝ። ወንድሜ ማለቷ አንጀቴን አሳረረው። ብታዋርደኝ ይሻለኝ ነበር እላለሁ፤ ግን እሱም ውሸት ነው። ብታዋርደኝም ያው አልለቃትም ነበር።

መለኪያዬ እንደ ቁራ አፍ ተከፍቶ ሽቦውን የሚይዝ ዓይነት ነበር። ሽቦው ሳይቆረጥ በውስጡ ምን ያህል አምፔር እንደሚያልፍ በመርፌ ያሳያል። ሽቦው በአፉ ውስጥ አንዴ ካለፈ ልኩን ይናገራል። ያው ሽቦ ተጠቅልሎ ደጋግሞ ካለፈበት ግን ያችኑ ትንሽ ኃይል ደጋግሞ ይቆጥራታል። ይህን ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የወይንሸትን መስመር ስዘረጋ ደግሞ የተረፈውን ሽቦ ሳልቆርጥ ጠቅልዬ ጣሪያው ሥር ሰቅዬው ነበር።

መብራት እንደመጣ መሰላል ላይ ወጣሁ። የሁሉንም ክፍል ሽቦ አንድ በአንድ ያዝኩ፣ መርፌው ንቅንቅ ብቻ ይላል። ወይንሸት ጋ ስደርስ ጀርባዬን ለሰዉ ሰጥቼ ጥቅልሉን እንዳለ መለኪያው አፍ ውስጥ ከተትኩት። መርፌው ተነሣ። ከዚያ ጋሽ ተሰማን ራሳቸው ወጥተው እንዲያዩ ጠራኋቸው። ምን ዓይነት ሰው ነው ምስክር እንኳ የሚጠራ? እኔ ጠራሁ። ደስም አለኝ። አዎ፣ መሰላሉ ላይ ቆሜ ደስ ብሎኝ ነበር።

የጋሽ ተሰማን ቤት መስመር ማንም ለካ አላለኝም። እኔም አልለካሁም። ስቶቩ የማን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ጓዳ ውስጥ ሶኬቱን የገጠምኩላቸው እኔው ነኝ።

የወይንሸት ክፍል ተፈተሸ። አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ እንጂ ሌላ ነገር አልተገኘም። እትዬ አሰለፈች «አሽሽታዋለች» አሉ። ፍየል የሚነግዱት ጎረቤታችን ኦቦ ጉዮ፣ «ተዉ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ናት» ብለው ሊያማልዱ ሞከሩ። ጋሽ ተሰማ ግን በዓይናቸው አይተዋል። ወይንሸት ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ አንተ ታውቃለህ። ንገራቸው» አለችኝ። እኔም መሣሪያው ያሳየውን ነው የማውቀው አልኳት።

ጠዋት ክብረ መንግሥት ወዳለች አክስቷ በጭነት መኪና ሄደች። ከመሄዷ በፊት በየበሩ እየዞረች ባሏ ከመጣ የት እንዳለች እንዲነግሩላት ለመነች። እኔንም ለመነችኝ። እሺ አልኳት። የዚያን ዕለት ማታ ፊውዙ ተቃጠለ። ሰው እርስ በርሱ ተያየና ወደየክፍሉ ገባ። እኔ ፊውዙ ላይ ወፍራም ሽቦ አሰርኩበት፣ መብራቱም ጸና፤ ተመሰገንኩም። ክፍሏ ከእኔው ስለሚሰፋ ተዛወርኩበት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ኦቦ ጉዮ ሞተው የቀሩትም ተከራዮች ከተበተኑ በኋላ፣ አንድ ከሲታ ሰው በምርኩዝ መጥቶ ያንን በር አንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። የወይንሸት ባል ነበር። የልጁን ስም ሳይቀር ጠራልኝ።

ከአንድ ሹፌር ጋር ሄደች አልኩት። ወዴት ቢለኝ፣ ወደ ያቤሎ ሳይሆን አይቀርም አልኩት።

ለምን? የሠራሁት እንዳይወጣብኝ ፈርቼ ነው ብል ታምኑኝ ይሆናል። ግን ያኔ ማን ይጠይቀኝ ነበር? ምክንያት የለኝም። ይቅር በሉኝም አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» ብሎኝ ሄደ። ክብረ መንግሥት መንገዱ በሌላ በኩል ነው፤ እሱ ግን የያቤሎው መኪና ላይ ወጣ። እስከ መናኸሪያው ተከትዬው ነበር። መኪናው እስኪሞላ ረጅም ጊዜ ቆመ፣ እሱም መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ነበር። ብጠራው ይሰማኝ ነበር። አልጠራሁትም።