የተከናነበው ጋን

ፊደል የቆጠርሁ በጎልማሳነቴ ነውና፣ ደፍሬ በመጻፌ አትፍረዱብኝ። የእናኑ ነገር ግን ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ።

ባሏን አያ ክንዱን ዳባት ላይ ብርድ መትቶ ከገደለባት ወዲህ፣ እናኑ አዘዞ ከልጇ ከእስከዳር ጋር ነው የምትኖር። ለተዝካሩ ጠላ ስትጠምቅ፣ እንዳገሯ ልማድ ጋኑን ምድጃ ዳር አስጠግታ በሟቹ ጋቢ ጠቀለለችው። ዳባት ላይ እንዲያ ካላሞቁት ጠላ አይፈላም።

«ምነው እማ፣ ጋንም ይበርደዋል?» ብላ ሳቀች እስከዳር። «አዘዞ እኮ ሙቀት ነው። ግለጭው፣ ይኮመጥጣል!»

«ተይኝ! አባትሽን ብርድ በላብኝ፤ ጠላውንም ልስጠው?»

እስከዳር ሳቋን ዋጠች።

በተዝካሩ ዋዜማ እናኑ ጋኑን ከፍታ ቀመሰች። ጠላው ሆምጣጤ ሆኗል። ክንዱ በሕይወቱ ሳለ በሷ ጠላ ሲኮራ ነበር የኖረ፤ አሁን ለነፍሱ የሚቀዳ የለም። ልጇ አንዲት ቃል አልወቀሰቻትም፤ እናኑን ግን ያ ዝምታ ባሰባት።

በነጋታው ጠዋት፣ ካህናቱ ሳይመጡ፣ ሆምጣጤ የሚሸተውን ጋቢ ከጋኑ ላይ ገፍፋ ራሷ ተከናነበችው። ከዚያም እንስራ አዝላ፣ እምብዛም በማታውቀው ሰፈር ቤት ለቤት ጠላ ልትለምን ወጣች።