የለቀለቅነው ግድግዳ

የስምንተኛ ክፍል ውጤት የሚነገርበት ሰሞን መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ዶማዬን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አሶሳ ላይ አዲሱ ክልል ቢሮ በቢሮ ላይ ይከፍት ነበርና ስምንተኛን የጨረሰ ሁሉ ይፈለጋል። ትልቋ ልጄ ካለፈች ከፀሐይ ትገላገላለች።

ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀች። አብራት የተፈተነችው ታናሿ አለፈች።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ወደዚህ በሰፈራ ከመጣሁ በኋላ፣ ከእርሻ ስመለስ፣ ብቻዬን ነው። ስለዚህ ያልተማረ ሁሉ ሰነፍ ይመስለኝ ነበር።

"ሰነፍ! ታናሽሽ ያለፈችውን ፈተና!" አልኳት።

"አነበዋለሁ እኮ አባ። ገጹን ስገልጥ ግን ያነበብኩት ይጠፋኛል።"

"በቃ። ከመስከረም ጀምሮ ገበያ ትወጫለሽ።"

በዚያው ሳምንት የወባ መድኃኒት ረጪው መጣ። የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ መንደራችን ከተመሠረተ ጀምሮ ያውቀናል። ፓምፑን ከጀርባው ሳያወርድ፣ "ሰውዬው፣ ዘንድሮም ግድግዳውን ልትለቀልቀው ነው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ነገሩ ገባኝ። መጀመሪያ በረጨልን ዓመት መድኃኒቱ ግድግዳዬን ነጭ በነጭ አደረገው። በዓል ደርሶ ነበር። ንጹሕ ቤት የሰው ክብር ነው ብዬ ሚስቴን በጭቃና በእበት አስለቀለቅኋት። ጎረቤቱም ሁሉ እንዲሁ አደረገ። ጭቃው ትንኟን የሚገድለውን መድኃኒት ሸፈነው። ክረምቱ ሲወጣ ትልቋ፣ ያኔ የስምንት ወር ሕፃን፣ ወባ ያዛትና ተንዘፈዘፈች፤ ሦስት ቀን እናቷን አላወቀችም። ታናሿ የተወለደችው መለቅለቁን ከተውን በኋላ ነው።

"ያቺ ልጅ እንዴት ነው?" አለኝ ረጪው።

"አለች። ትምህርት ላይ ግን ሰነፍ ናት።"

ፓምፑን አወረደ። "ሰነፍ አትበል። እንደዚያ በወባ ራሱን ስቶ የተንቀጠቀጠ ልጅ ብዙ አይቻለሁ፤ አንዳንዱ ትምህርት ይከብደዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን አትበል።"

ከጓሮ ደጅ፣ ከደጅ ጓሮ ስመላለስ ዋልኩ። የልጄ ነገር ከዚያ ወባ ይምጣ አይምጣ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ የለም። ያስለቀለቅኩት ግን እኔ ነኝ። አባት ልጁን ከመውቀሱ በፊት የገዛ እጁን ማየት ይገባዋል፤ እኔ አላየሁም።

ትልቋን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት።

"ታዲያ መስከረም ላይ ገበያ ነው ትምህርት ቤት?" አለች።

"ትምህርት ቤት።"

ሦስተኛውንም ፈተና አላለፈችም። ዛሬ ታናሿ ቢሮ ትሠራለች፤ ትልቋ ገበያ ላይ ባሚያ ትሸጣለች። ቤቷ ስሄድ ዓይኔ ማረፊያ ያጣል። ግድግዳዋ በመድኃኒቱ ነጭ በነጭ ነው፤ በዓል ቢመጣም አታስነካውም።